የስፖርት መኪናዬን የፍሬን ሸራ ለመረጡልኝ መካኒክ ምስጋና

የመኪናዬን የፍሬን ሸራ የመረጡልኝንና የቀየሩልኝን መካኒክ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ። ሥራቸውን ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ፈጣን መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ እሳቸው የጠየቁኝን ጥያቄ የሚጠይቅ ባለሙያ ቢያገኝ ደስ ይለኛል።

መኪናዬ ባለ ተርቦ ነው፤ የፊቱ ካሊፐር፣ ማለትም ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ ሸራውን የሚጫነው ክፍል፣ አራት ፒስተን (ሸራውን የሚገፋ) አለው። አብዛኛውን ጊዜ ሥራ እመላለስበታለሁ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ወስጄ እነዳዋለሁ። ሸራዎቹ ወደ ማለቁ ደርሰው ነበር። ሜዳ ላይ ደግሞ ጥቂት ዙር እንደሄድኩ ፍሬኑ ይደክምብኛል። የውድድር ሸራ ይሻለኝ እንደሆነ ላማክራቸው ሄድኩ።

ገና ጎማ ሳይፈታ፣ ካታሎግም ሳይከፈት፣ «ሲደክም ፔዳሉ ምን ይሆናል? ይለሰልስና ወደ ታች ይወርዳል ወይስ እንደወትሮው ጠንክሮ መኪናው አልቆም ይልሃል?» ብለው ጠየቁኝ። ይለሰልሳል አልኳቸው። «እንግዲያው መጀመሪያ የሚታየው ሸራው አይደለም» አሉኝ።

ይህን ልዩነት ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ ከዚያም በላይ ሕይወት ያድናል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ፣ ሸራው ከአቅሙ በላይ ግሏል ማለት ነው፤ በውስጡ ያለው ማጣበቂያ ሙጫ ጋዝ ያወጣል፣ ዲስኩን የመያዝ ኃይሉም ይወርዳል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከተጠጋ ግን ብዙ ጊዜ የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዘይት ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ እግራችን የሚገፋው ኃይል ፒስተኑ ጋ ሳይደርስ አረፋውን በመጭመቅ ያልቃል። በዚህ ጊዜ የቱንም ያህል ውድ ሸራ ቢገጠም ለውጥ የለውም።

ዘይቱን በመሣሪያ ለክተው ብዙ ውሃ እንደያዘ አሳዩኝ። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ዘይቱ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይፈላ ይጠይቃል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲይዝ ግን የሚጠየቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 5.1 አዲስ ሲሆን 260፣ ውሃ ሲይዝ 180 ነው። አምራቹ የሚፈቅድ መሆኑን አረጋግጠው 5.1 ሞሉልኝ፣ በአራቱም ጎማ በኩል በፍሬን መስመሩ ውስጥ ያለውን አየርም አስወጡ። እግረ መንገዳቸውንም ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ፣ በቁጥር ቢቀራረብም ከ5.1 ጋር ፈጽሞ እንዳይቀላቀል አስጠነቀቁኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሸራ ማውራት የጀመርነው። የጎማዬን ዓይነት፣ የመኪናዬን ክብደት፣ ሜዳው ላይ ከስንት ፍጥነት ፍሬን እንደምይዝ ጠየቁኝ። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ሒሳቡ ገባኝ፦ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲቆም 580 ኪሎ ጁል ገደማ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከ200 ሲቆም ግን ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ከ2,300 ኪሎ ጁል በላይ ይሆናል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ዲስኩና ሸራው ላይ ነው። ስለዚህ ሸራ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ «ጠንካራው የቱ ነው?» ሳይሆን «በየትኛው ሙቀት ውስጥ ነው የሚሠራው?» የሚለው ነው።

የውድድር ሸራ እንዳይገጠምልኝ የመከሩኝም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ሸራ በደንብ የሚይዘው ከጋለ በኋላ ነው። «ጠዋት ከቤት ወጥተህ ሰው ድንገት መንገድ ቢያቋርጥብህ ሸራው ገና ቀዝቃዛ ነው» አሉኝ። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲሠራ ዲስኩን ይበላል፤ ድምፁም ከባድ ነው። ከሁሉም የሚወደደውን ሸራ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፤ እኔም እከፍል ነበር። አልሸጡልኝም። ለእኔ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ሴራሚክ ሸራንም አይተናል። ድምፅ አያበዛም፣ ቸርኬ ላይ የሚተወው ብናኝ ጥቂት ነው፤ ለከተማ መንዳት ግሩም ነው። ለኔ ዓይነቱ አጠቃቀም ግን በተደጋጋሚ ከከፍተኛ ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን ሙቀት የሚችል ሌላ ዓይነት ይሻላል ብለው አመኑ። ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነገር አለ፦ ሴራሚክ ሸራ ማለት ለካርቦን ሴራሚክ ዲስክ የተሠራ ሸራ ማለት አይደለም። ካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ያለው መኪና ለእርሱ ተብሎ የተሠራ የራሱ ሸራ ያስፈልገዋል፤ የእኔ ግን ተራ የብረት ዲስክ ነው።

በመጨረሻ የተመረጠው ለመንገድም፣ አልፎ አልፎ ለሜዳም ተብሎ የተሠራ፣ ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ነው። ከፊትም ከኋላም ከአንድ አምራች፣ አንድ ዓይነት። የኋላው ብቻ ከፊተኛው በጣም የበረታ ቢሆን፣ ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማ ቀድሞ ሊቆልፍና መኪናው ሊዞር ይችላል፤ ይህን ጎማ እንዳይቆልፍ ለሚከላከለው ኤቢኤስ ብቻ ትቶ መግጠም ተገቢ አይደለም ይላሉ።

ሸራው ጠርዝ ላይ የሚታተሙትን ሁለት ፊደላትም እንዳነብ አስተማሩኝ። የመጀመሪያው በተለመደው ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት ያለውን የመያዝ ደረጃ (የሰበቃ መጠን) ያሳያል፦ ኤፍ (F) ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ (G) ከ0.45 እስከ 0.55። ነገር ግን ፊደሉ የሚገኘው በላቦራቶሪ፣ ከሸራው በተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ ስለሆነ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ድምፁም ሆነ በእኛ መኪና ላይ ስለሚኖረው ጠባይ አይናገርም። ፊደሉን ብቻ አይተን ጂ ከኤፍ ይበልጣል ብለን መግዛት የለብንም። በክብ ውስጥ ያለ የኢ (E) ምልክትና በ90አር (90R) የሚጀምር ቁጥር ካለው ደግሞ፣ ሸራው በአውሮፓ ደንብ መሠረት ከመኪናው የመጀመሪያ ሸራ ጋር ተነጻጽሮ ተፈትኗል ማለት ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዲስኩ ተጣሞ ነው ብለው ወዲያው አዲስ አላስገዙኝም። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው የሸራው ቅሪት ዲስኩ ላይ ወጥ ባልሆነ መንገድ ስለሚጣበቅ ወይም የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነው። ማይክሮሜትር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ዙሪያውን ለኩት፤ ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት በቂ ርቀት ስለነበረው ፊቱ ተልጦ ተስተካከለ። አዲሱ ሸራም የቀድሞው ሸራ ቅሪት የሌለበት ንጹሕ ዲስክ አገኘ።

ወጣቱ ረዳታቸውም በጣም ሊመሰገን ይገባዋል። ዲስኩ የሚያርፍበትን ቦታ ዝገት አንድ ሳያስቀር አጸዳ፤ የኋላውን ካሊፐር ተንሸራታች ፒኖች አውጥቶ ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ቀባ፤ ብሎኖቹንም በመለኪያ ቁልፍ አጠበቀ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ ፒስተኖቹ ሸራውን እስኪነኩ ድረስ ጠበቀ። ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆናል።

ከዚያ መካኒኩ አብረውኝ ወጥተው ሸራውን አላመድን። መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 20 እየቀነስኩ፣ ሙሉ በሙሉ ሳልቆም ደጋገምኩት፤ ቀጥሎም ፍሬን ሳልነካ ለማቀዝቀዝ ነዳሁ። ዓላማው ከሸራው ስስና ወጥ ሽፋን ዲስኩ ላይ እንዲያርፍ ነው። ዲስኩ ግሎ ሳለ ቆሞ ፔዳል ረግጦ መቆየት ግን ሸራው በአንድ ቦታ እንዲታተም ያደርጋል። የአለማመዱ ዝርዝር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከሸራው ጋር የመጣውን መመሪያ አብረን ነው ያነበብነው።

አሁን ሜዳ ላይ ፔዳሉ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ቦታውን አይለቅም። መሪው አይንቀጠቀጥም። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይጮሃል፣ ቸርኬውም ከድሮው በቶሎ ይጠቁራል፤ ሁለቱንም ገና ሳልከፍል ነግረውኛል።

አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስትደውሉላቸው የመኪናውን የሻንሲ ቁጥርና የጎማውን ዓይነት አዘጋጁ፤ የፍሬን ዘይቱ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተቀየረም ይጠይቋችኋል። ካርቶንና የአምራች ምልክት የሌለው ሸራ ይዛችሁ ብትሄዱ አይገጥሙላችሁም። ለእሳቸውም ለረዳታቸውም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።