ፍየሏ የበላችው ቢጫ ሽቦ፦ የበግ ተሳቢ መብራት ከ7 ወር በኋላ

መብራቱን የገዛሁት ባለፈው ነሐሴ ነው። አንድ ገበሬ አሮጌ የከብት ተሳቢ በርካሽ ሸጠልኝ። የኋላ መብራቱ አንዱ ተሰብሯል፣ ሌላው ዝጓል። 90 ዶላር ከፍዬ ሙሉ የኤልኢዲ መብራት አዘዝኩ፤ ሁለት የኋላ፣ ሁለት ቢጫ የጎን፣ የታርጋ መብራት፣ አንድ ጥቅል ሽቦና ባለ 4 ሶኬት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ከሃሪሰንበርግ አካባቢ በግና ፍየል ጭኜ፣ በ81 እና በ66 አውራ ጎዳና ወደ አሌክሳንድሪያ እመጣለሁ። ቨርጂኒያ ያለ ሀበሻ ለበዓል ሙክት ሲያምረው የሚደውለው ለእኔ ነው።

መብራቱን ራሱን አልማውም። በየጉዞው በኃይለኛ ውሃ አጥበዋለሁ፤ ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ይበራል። ቀን በጠራራ ፀሐይ እንኳ ፍሬን ስይዝ ከሩቅ ይታያል። ጣጣው ያለው ሌላው ነገር ላይ ነው።

መጀመሪያ ቢጫው ሽቦ። ሥራው እንዲቀለኝ ብዬ ሽቦውን በተሳቢው የውስጥ ግድግዳ አስኬድኩት። ፍየል ሁለት ሰዓት ሙሉ ሥራ ፈታ ትቆማለች ብዬ ማሰቤ! ቤት ስደርስ ግራ ፍሬቻም ግራ የፍሬን መብራትም የለም። በሩን ከፍቼ በስልኬ ሳበራ ፕላስቲኩ ተቆርጥሞ መዳቡ ፈጧል። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ጥቁር ፍየል እያመነዠከች ታየኛለች። ቡናማው ለፓርኪንግ፣ ቢጫው ለግራ፣ አረንጓዴው ለቀኝ፣ ነጩ ለግራውንድ (ለኤሌክትሪኩ መመለሻ) መሆኑን ያን ማታ ቆሜ ተማርኩ። አሁን ሽቦው በሻንሲው ሥር፣ በብረት ቧንቧ ውስጥ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ጥር ላይ መጣ። ፍሬቻ ስሰጥ ሌላው መብራት ይደበዝዛል፣ ፍሬን ስይዝ ሁሉም ብልጭ ድርግም ይላል። አምፖል መስሎኝ ግማሽ ቀን ፈታሁ። ለካ ነጩ ሽቦ ከሻንሲው ጋር የታሰረበት ብሎን ዝጓል። ከላይ የበግ ሽንትና በጠጥ፣ ከታች የክረምት መንገድ ጨው፤ የትኛው ብረት ይችላል? አብረው የመጡት ሰማያዊ ማገናኛዎችማ ሽቦውን ነክሰው ስለሚይዙ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። አንዱን ስከፍተው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ሁሉንም ቆርጬ ጣልኩና በሙቀት በሚሸበሸብ ማገናኛ ተካሁ። ነጩንም ሻንሲውን ሳላምን እስከ ሶኬቱ ድረስ በራሱ ሽቦ መለስኩት። 45 ዶላር ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ሕጉ ላይ ደግሞ የመብራቱ ማሸጊያ ራሱ አሳስቶኝ ነበር፤ ወይም እኔ አላነበብኩትም። «ከ80 ኢንች በታች ለሆነ ተሳቢ» ይላል። የተሳቢዬ ሳጥን ስፋቱ 72 ኢንች ነው ብዬ ተዝናናሁ። ጎረቤቴ፣ ሽማግሌ ገበሬ፣ ሜትር ይዞ መጣና ከፓራፋንጎ እስከ ፓራፋንጎ ለካው፤ 86። የፌዴራሉ የመብራት ደረጃ ቁጥር 108 የሚቆጥረው ሰፊውን ቦታ ነው፤ የብረት ፓራፋንጎም ይቆጠራል። 80 ከሞላ ከኋላ መሐል ላይ የተደረደሩ ሦስት ቀያይ መብራቶች፣ በየማዕዘኑም ስፋቱን የሚያሳይ መብራት ያስፈልጋል፤ ከፊት ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ። ሌላ 30 ዶላር። ቀይና ነጩን አንጸባራቂ ቴፕ ግን ሕግ የሚያስገድደው የተፈቀደ ክብደቱ ከነጭነቱ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆነውን ሰፊ ተሳቢ ነው። ለኔ የተፈቀደው 7,000 ነው፤ ቢሆንም ለጥፌዋለሁ። 81 ላይ ከባድ መኪና ከኋላ ሲመጣ ያየ ሰው አይጠይቀኝም።

ባለ 4ቱ ሶኬትም ለእኔ አልሆነም፤ መብራት እንጂ ፍሬን አያስተላልፍም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከነጭነቱ 3,000 ፓውንድ የደረሰ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። የኔ ባዶውን 2,300 ነው። 120 ፓውንድ የሚመዝኑ አሥር ሙክቶች ስጭን 3,500 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ባለ 7 ሶኬት አስገባሁ፤ ሰማያዊው ሽቦ ለፍሬን፣ ጥቁሩ ለባትሪ። ተሳቢው ቢበጠስ ፍሬኑን የሚይዘው ትንሿ ባትሪም እዚሁ ነው የምትሞላው። በንግድ ተሳቢ ላይ ፍሬኑ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይዞ መቆየት አለበት። ተሳቢው ሲለይ ይህን ፍሬን የምታስይዘውን ገመድ ከሰንሰለቱ ጋር አታስሯት፤ ለብቻዋ ከመኪናው ጋር ትታሰር። ሰንሰለቶቹ ደግሞ ከምላሱ፣ ማለትም ተሳቢው ከመኪናው ከሚያያዝበት የፊት ብረት፣ ሥር ይጠላለፉ፤ ከማያያዣው ኳስ ቢያመልጥ ምላሱ አስፋልት ሳይነካ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

ለንግድ ብላችሁ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማለትም ሜሪላንድ፣ የምትሻገሩ ልብ በሉ። የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 10,001 ፓውንድ ከደረሰ የፌዴራል የትራንስፖርት ቁጥር (USDOT) ይጠየቃል። ተራ ፒክአፕና የኔን የሚያክል ተሳቢ ሲደመሩ በቀላሉ ያልፉታል። «የራሴ ፒክአፕ ነው» አይሠራም።

ከመነሳቴ በፊት ባለቤቴ ከኋላ ትቆማለች።

«ፍሬን!»

«በራ!»

«ግራ!»

«በራ!»

«ቀኝ!»

«ኧረ ቆይ... እሺ በራ፣ ጭቃ ሸፍኖት ነው።»

መብራቱን ድጋሚ እገዛዋለሁ። ማገናኛዎቹን ግን ከሳጥኑ ሳላወጣ እጥላቸዋለሁ። ሰሞኑን አንዱ ቢጫ የጎን መብራት ውስጥ ጤዛ አይቻለሁ። ይበራል ግን። ለፋሲካ ይደርሳል ብዬ ትቼዋለሁ፤ ለማንኛውም መለዋወጫው ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል።