ሻዱን ያኖራል፣ ውሃውን አይለቅም፦ ክቡ የቤይት ታንኬ ከወራት በኋላ

ስለዚህ ታንክ፣ ማለትም ለማጥመጃ (ቤይት) የሚሆነኝን ሻድ የተባለ ትንሽ ዓሣ ከነሕይወቱ የማቆይበት ዕቃ፣ ደግ ደጉን ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። ከመጋቢት ጀምሮ ቴክሶማ ሐይቅ ላይ ይዤው ስወጣ ከርሜያለሁ፤ ጥሩ ዓሣም አብልቶኛል። ባለፈው ቅዳሜ ግን በዚያ የቴክሳስ ፀሐይ፣ ጀልባዬን ከሐይቁ አውጥቼ፣ ወገቤን አጉብጬ፣ ከታንኩ ወለል ላይ ውሃ በቡና ስኒ እየቀዳሁ ስደፋ ደግነቴ አብሮ ፈሰሰ። እናም ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ አንዲት ቀዳዳ ነው።

ቴክሶማን ለማያውቅ፦ ከዳላስ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተነድቶ የሚደረስበት፣ ቴክሳስና ኦክላሆማ የሚጋሩት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የዴኒሰን ግድብ ሬድ ሪቨር የተባለውን ወንዝ ዘግቶ የፈጠረው። የምንሄደው ለስትራይፐር ነው። በብርማ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመሮች የተሰመሩበት፣ ዘሩ ከባሕር የመጣ ጉልበተኛ ዓሣ። ብዙ ሐይቆች ላይ መንግሥት በየጊዜው ጫጩት ካልጨመረ ያልቃል፤ ቴክሶማ ላይ ግን ራሱን ችሎ ይራባል። እንቁላሉ ሳይሰምጥ ከሬድ ሪቨርና ከዋሺታ ወንዝ ጋር እየተንሳፈፈ ይፈለፈላል። በቀን ለአንድ ሰው አሥር ይፈቀዳል፤ ከአሥሩ 20 ኢንችና ከዚያ በላይ መሆን የሚችሉት ሁለት ብቻ ናቸው።

ስትራይፐር ነፍሱ ሻድ ነው። ሻድ ደግሞ አመለኛ ነው። ሲነኩት ይሞታል፣ ሲሞቀው ይሞታል፣ ጥግ ሲያገኝ ይሞታል። ቀልዴን አይደለም። ሳያቋርጥ ካልዋኘ መተንፈስ ይቸግረዋል፤ አራት ማዕዘን ዕቃ ውስጥ ከከተታችሁት ጥግ ላይ ተከማችቶ አፍንጫው እስኪቀላ ግድግዳ ይገጫል። ክብ ታንክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የኔው 30 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 114 ሊትር ይይዛል። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ውሃውን ያዞረዋል፣ በስፖንጅ ያጣራዋል። ዋጋው አምስት መቶ ዶላር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ባለቤቴ ይህን ካነበበች ሦስት መቶ ነው።

ሥራውን ይሠራል። ጎህ ሲቀድ በመረብ የያዝኩት ሻድ እኩለ ቀን ድረስ ቅርፊቱ ሳይረግፍ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ይውላል። አዮዲን የሌለው ጨው ትንሽ ጣል አደርግበታለሁ፤ ሬድ ሪቨር የጨው አፈር አቋርጦ ስለሚመጣ የቴክሶማ ውሃ ራሱ ጨዋማ ነው፣ ብዙ አይፈልግም። ሙቀቱ ሲበረታ በረዶ ከነላስቲክ ጠርሙሱ እከታለሁ። ጠርሙሱን እንዳትከፍቱት፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ሻድ ይፈጃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ጥሩ ጎኑ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ቀዳዳዋ። ማፍሰሻዋ ያለችው በታንኩ ጎን ላይ ነው። ወለሉ ላይ ሳይሆን ከወለሉ ሁለት ጣት ከፍ ብላ። ስታዩት ምንም አይመስልም። ወለሉ ግን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ሁለት ጣት ውሃ ማለት እንግዲህ ወደ አሥር ሊትር ነው። አሥር ሊትር! ከነቅርፊቱ፣ ከነልጋጉ፣ ማንም ሳያየው ከሞተ ሻድ ጋር። ቀዳዳዋ ላይ ደግሞ ትንሽ ወንፊት አለች። ውሃው መውረድ ሲጀምር የሻድ ቅርፊት አንድ በአንድ እየመጣ ይለጠፍባታል። በጥፍሬ እጠርጋለሁ፣ ትንሽ ይፈሳል፣ እንደገና ትደፈናለች። እንደገና ጥፍሬን። ቤት ገብቼ በሎሚ ብታጠብም ሽታው እስከ ማግስቱ አይለቅም።

ታዲያ ውሃው ቢቀርስ ምን አለበት የሚል ይኖራል። እዚህ አገር አይቻልም። ቴክሶማ ዜብራ መስል የተገኘበት የመጀመሪያው የቴክሳስ ሐይቅ ነው፤ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ጥፍር የምታክል ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረት ናት፤ ቧንቧና ሞተር ውስጥ ተጣብቃ ትደፍናለች። ጫጩቷ ውሃ ውስጥ ስትንሳፈፍ በዓይን አትታይም። ስለዚህ ከሐይቁ ስትወጡ ጀልባው፣ ታንኩ፣ ባልዲው ሁሉ ውሃው ተደፍቶ ማለቅ አለበት። ከሐይቁ የያዛችሁት ሻድም እዚያው ለዚያው ሐይቅ ብቻ ነው። አለበለዚያ ቅጣት አለ። ሕጉን አልቃወምም፣ ልክ ነው። የምቃወመው፣ ይህ ሕግ ባለበት አገር ውሃ ጨርሶ የማይወጣበት ታንክ የሚሸጥልኝን ሰው ነው።

ሻጩን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ሞገትኩት መሰላችሁ።

«ሐይቁ ላይ እያለህ አፍስሰው» ይለኛል። ወንድሜ፣ የጀልባው ጠርዝ ከማፍሰሻዋ ከፍ ይላል። ውሃ ሽቅብ አይፈስም። ጀልባው ወለል ላይ ተንጣሎ እግሬን ነው የሚያጥበኝ።

«እሺ በፓምፑ ምጠጠው» ይላል። ፓምፑም አፉ ከወለሉ ከፍ ያለ ነው። ጥቂት ሲቀር አየር መሳብ ይጀምራል፣ ያጓራል። በደረቁ ሲሠራ ተቃጥሎ ቢያርፍ ሌላ ልትሸጥልኝ ነው?

«ገልብጠው።» በማሰሪያ ከጀልባው ወለል ጋር ጠፍሬዋለሁ፤ እንድጠፍረው ያዘዝከኝ አንተው ነህ። መመሪያው ላይ በትልቁ ተጽፏል።

«ከታች ቀዳዳ ብሳለት።» ዋስትናውስ? «እሱ እንኳን ይቀራል።» ውሃ የማያነሳ ምክንያት ይሉሃል ይኼ ነው።

ጭራሽ የሚያናድደኝ ጋሼ ናቸው። አብረን የምናጠምድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ታንካቸው ለሁለት የተቆረጠ ሰማያዊ በርሜል ነው። ታቹን በስተው የጎማ ውታፍ ሰክተውበታል። ከሐይቁ ሲወጡ ውታፉን መንጨቅ ነው፣ ቧ! ብሎ ያልቃል። ከዚያ ፒክአፓቸው ላይ ተደግፈው እኔን ማየት።

«አንተ ልጅ፣ ቡናው ሳይፈላ ትደርሳለህ?»

«ይሳቁ እንጂ ጋሼ፣ ይሳቁ።»

እንዲስቁ የምፈቅድላቸው ግን አምስት ሰዓት ላይ ታንካቸው ውስጥ ምን እንደሚሆን ስለማውቅ ነው። ማጣሪያ የላቸውም። ውሃው አረፋ ይሞላል፣ ሻዳቸው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ያኔ ጀልባቸውን ቀስ እያሉ ወደኔ ያስጠጋሉ። «እስቲ ከነዚያ ከሚሮጡት ሁለት ሦስት...» እሰጣቸዋለሁ። ምን አደርጋለሁ፣ ትልቅ ሰው ናቸው።

እውነቱን ለመናገር በሚሮጥ ሻድና በደከመ ሻድ መሃል ያለው ልዩነት የትየለሌ ነው። መንጠቆውን በአፍንጫው ቀዳዳ አሳልፌ፣ በእርሳስ አስምጬ፣ ሶናሩ ዓሦቹን ካሳየኝ ጥልቀት ትንሽ ከፍ አድርጌ አቆመዋለሁ። ሻዱ ጤነኛ ከሆነ ስትራይፐሩ ሲመጣ ያውቃል። የዘንጉ ጫፍ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይንቀጠቀጣል፤ ሻዱ ማምለጥ ፈልጎ ነው። ከዚያ ለአፍታ ጸጥ። ከዚያ ዘንጉ ውሃው ድረስ ይለመጣል። ክብ መንጠቆ ከሆነ እንዳትነጥቁ፤ ዘንጉ ራሱ ይይዘዋል፣ እናንተ መጠምጠም ብቻ። ይህን ያየሁት ሁሉ በዚህ ታንክ ባቆየሁት ሻድ ነው፤ ብናደድበትም ልክደው አልችልም። ባለቤቴም ጾም ሲገባ ስለ ዋጋው መጠየቋን አቁማለች። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አታንሱብኝ፤ ቤታችን አንዴ ተጣልተንበታል።) ለጉላሽ ስትሠሩት ከቆዳው ሥር ያለውን ቀይ ሥጋ ገፍፋችሁ ጣሉ፤ ጠረኑ እዚያ ነው ያለው።

ታንኩ ራሱ ግን ይሸታል። ያቺ የማትደፋ ውሃ ታች ትቀራለች፣ ክዳኑ ተዘግቶ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ቀን ያድራል፣ ከዚያ ስትከፍቱት... ተዉት። ቅርፊቱ ወለሉ ላይ ደርቆ በቢላ ካልሆነ አይነሳም። አሁን አሁን በስኒ ቀድቼ፣ በስፖንጅ አድርቄ፣ ክዳኑን ከፍቼ ነው የማሳድረው። አምስት መቶ ዶላር የሚጠጋ ከፍዬ ስፖንጅ ስጨምቅ እውላለሁ። ይቅርታ፣ ሦስት መቶ።

ግዙት ወይስ አትግዙት? ዛሬ ብትጠይቁኝ አትግዙት። ወገቤ ገና አልተሻለኝም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ሻዱ እየዞረ ብትጠይቁኝ መልሴ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ግን አልሸጠውም እንጂ ሁለተኛ አልገዛም። መግዛታችሁ ካልቀረ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበትና ማፍሰሻውን ክፈቱ። ሻጩ ግር ካለው ግር ይበለው። ወለሉን በእጃችሁ ዳሱት፤ እርጥብ ከሆነ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።