የፋይበር ሳጥን ላይ የድሮ ጽሑፍ ማስነሳት ለምትፈልጉ የድሬ ባለመኪኖች፦ ሳቢያን ያለውን ባለሙያ ይዘን መጥተናል

ይመችህ አቦ! ምስጋናችን ሳቢያን ውስጥ ለሚሠራው የመኪና ቀለም ባለሙያ ነው። ማኅበራችን የገዛው ኢሱዙ ፍሪጅ መኪና በሁለቱም ጎኑ የቀድሞ ባለቤቱ ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ በትልልቁ ተጽፎበት ነበር። አሁን ሳጥኑን ከፀሐይ አንጻር ቆማችሁ በአግድም ብታዩት እንኳ የፊደል ዱካ አታገኙም። የፋይበር ሳጥንን እንደ ላሜራ የሚይዝ ጋራዥ ስለበዛ፣ ይህ ሰው ምን እንዳደረገ በዝርዝር እንጽፈዋለን።

የሳጥኑ ነጭነት ቀለም አይደለም። ጄልኮት የሚባል ከፋይበሩ ጋር አብሮ የተሠራ ሽፋን ነው፤ ውፍረቱም ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፍሌክሲብል (በኤሌክትሪክ የሚዞር መፋቂያ) ላይ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አስሮ የሚመጣ ሰው ፊደሉን ሳይጨርስ ጄልኮቱን በልቶ የፋይበሩን ክር ያወጣዋል። ክሩ ከወጣ ውሃ እየሳበ ከውስጥ ይጎዳል። ለላሜራ የተሠራው ኃይለኛ የቀለም ማስለቀቂያ ጄልም እንደዚሁ ነው፤ ቀለሙን ያነሳል፣ ጄልኮቱንም አብሮ ያለሰልሰዋል። ሰውየው ሁለቱንም ወደ መኪናው አያስጠጋም።

ሥራውን የሚጀምረው በመፈተን ነው። ከኋላ በታች፣ ዓይን የማያርፍበት ቦታ ላይ፣ በውሃ እያራሰ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ይፍቃል። ከሥር ሌላ ቀለም ከወጣ ሳጥኑ ከዚህ በፊት ተቀብቷል ማለት ነው፤ ያኔ ማስለቀቂያ ፈሳሽ አይጠቀምም፣ ምክንያቱም ፊደሉንና መደቡን አንድ ላይ ነው የሚያነሳው። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ በአሴቶን (ቶሎ የሚተን የቀለም ማሟሟያ) እርጥብ አድርጎ ፊደሉ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይይዛል። ጨርቁ የፊደሉን ቀለም ከያዘ ጽሑፉ ተራ የዘይት ቀለም ነው። ምንም ካልለቀቀ በማጠንከሪያ የተቀባ ባለሁለት ቆርቆሮ ቀለም ስለሆነ በትዕግሥት ከመፋቅ ሌላ መንገድ የለም።

የእኛው የዘይት ቀለም ነበር። ለዚህ የተጠቀመው ኮስቲክ ሶዳ ያለበትን የምድጃ ማጽጃ አረፋ ነው። ኮስቲክ የዘይት ቀለምን ወደ ሳሙናነት ስለሚለውጠው ከሥሩ ይለቃል። አረፋውን ፊደሉ ላይ ብቻ ይነፋል፣ 10 ደቂቃ ገደማ ይተወዋል፣ ሳይደርቅ ባረጀ የባንክ ካርድ ይገፈዋል፣ በብዙ ውሃ ያጥባል፤ ካስፈለገ ይደግመዋል። ምላጭ አይነካም። ልብ በሉ፣ ኮስቲክ አሉሚኒየም ይበላል፤ የሳጥኑ ጠርዝ፣ ማዕዘኑና ሪቬቱ በሙሉ አሉሚኒየም ስለሆነ መጀመሪያ በማስኪንግ ቴፕና በላስቲክ ካልተሸፈነ ይጠቁራል። ጓንትና መነጽር የግድ ነው፤ ዓይን ከገባ ጨዋታ የለውም። ለተረፈው ቀለም አሴቶን በጨርቅ ያሳልፋል፣ አፍስሶ ግን አይተውም። በአጠገቡ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ሥራውን ያቆማል።

ፊደሉ ለቀቀ ተብሎ የሚያልቅ ሥራ ግን አይደለም። ቀለሙ ከተነሳ በኋላ ጽሑፉ አሁንም ይነበባል፤ ብዙዎች ቀለም የቀረ መስሏቸው መፋቃቸውን የሚቀጥሉትና ሳጥኑን የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው፦ ፊደሉ ከሥሩ ያለውን ጄልኮት ከፀሐይ ጋርዶት ስለኖረ ደህና ነው፤ የደበዘዘውና ዱቄት የሆነው ዙሪያው ነው። ስለዚህ ፊደሉን መተው፣ ዙሪያውን ወደ እሱ ማምጣት ነው። በውሃ በ1000፣ ቀጥሎ በ1500፣ ቀጥሎ በ2000 ቁጥር ከፋቀ በኋላ በዝግታ በሚዞር ማሽን ኮምፓውንድ (ማንጸባረቂያ ቅባት) ይመታል። መሃል ላይ አያቆምም፤ ከአንዱ የሪቬት መስመር እስከ ሌላው ይወስደዋል፣ አለዚያ ፊደሉ ጠፍቶ ትልቅ አራት ማዕዘን ዱካ ይተካል። መጨረሻ ላይ ሰም። አዲስ ጽሑፍ የሚያርፍበትን ቦታ ግን ያለ ሰም ይተወዋል፤ ሰም ላይ የተጻፈ ቀለም አይይዝምና።

አንድ ማዕዘን ላይ ቀድሞ የተላጠ ቦታ ነበረን፤ እሱንም በጄልኮት ሞልቶታል። ለ100 ግራም ከ1 እስከ 2 ግራም ማጠንከሪያ ይገባል፤ በድሬ ሙቀት ወደ 1 መጠጋት ይሻላል፣ አለዚያ ከቆርቆሮው ሳይወጣ ይደርቃል። ጄልኮት አየር ካገኘው ላዩ እያጣበቀ ስለሚቀር በላስቲክ ሸፍኖ ነው ያደረቀው።

ሰውየው አይቸኩልም፣ ይህን ከአሁኑ እወቁት። የሚሠራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ስለሚግል አሴቶኑ ጨርቁ ላይ ይተናል፣ አረፋውም ሳይሠራ ይደርቃል። «ዛሬ ጨርስልኝ» የሚል ደንበኛን በትህትና ይሸኛል። ዋጋው ከሰፈሩ ጋራዥ ከፍ ይላል፤ ለእኛ ግን ሳጥኑን በሙሉ ከማስቀባት በእጅጉ ያነሰ ነው። ከሐረር የምትመጡ ካላችሁ ማታውኑ ወርዳችሁ እደሩ።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። መኪናውን ስትወስዱ ጭነቱ ወርዶ፣ ሳጥኑ በሳሙና ታጥቦ ይሁን፤ ቅባትና አቧራ ያለበትን አይቀበልም።