ለጨበጣ ውጊያ የተፈጠሩ ፈጣኖች፦ የ«ሀውሊንግ ባንሺስ» ሳጥን ግምገማ

መቀመጫውን በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ያደረገው ጌምስ ወርክሾፕ በትናንሽ ምስሎች በጠረጴዛ ላይ ለሚካሄደው የጦርነት ጨዋታ ለዋርሃመር 40,000 ከሚያመርታቸው የጨበጣ ተዋጊዎች መካከል ፍጥነትንና ስስነትን ኤልዳሪ የተባለው የጨዋታው ወገን ያሉትን ሀውሊንግ ባንሺስ ያህል አጣምሮ የያዘ ጓድ ማግኘት ያስቸግራል። ሳጥኑን ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ የምስሎቹ አሠራር እጅግ ያማረ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ ግን ዋጋቸውን የሚያወጡት ከሽፋን ጀርባ መቼ መውጣት እንዳለባቸው በሚያውቅ ተጫዋች እጅ ሲገቡ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የጠቀስኳቸው ደንቦች እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው በ10ኛው የደንብ እትምና አብሮት በቀረበው የጓዱ የመጀመሪያ ካርድ (ችሎታው በቁጥር በሰፈረበት) ላይ ያሉት ናቸው።

በሳጥኑ ውስጥ አምስት የፕላስቲክ ምስሎች አሉ፤ ተገጣጥመውና ቀለም ተቀብተው አይመጡም፣ ማጣበቂያውም ለብቻው ይገዛል። መሪዋ ኤግዛርክ ከሦስት ዓይነት የጦር መሣሪያ አንዱን እንድትይዝ ተደርጋ ልትገጣጠም ትችላለች። የሰይፎቹ ስለትና ወደ ኋላ የሚበረው የራስ ቁር ጎፈር ቀጫጭን ስለሆኑ ክፍሎቹን ከያዘው የፕላስቲክ ፍሬም ሲለዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፦ መቁረጫውን ከስለቱ ራቅ አድርጎ በመጀመሪያ ፍሬሙን መቁረጥ፣ የተረፈውን ቅሪት ደግሞ በስል ቢላ ቀስ እያሉ መላጥ ይበጃል። የተለመደው የአጥንት ቀለም ያለው ጥሩራቸው በአንድ ወፍራም ቅብ ሳይሆን በበርካታ ስስ ቅቦች ሲሠራ የቅርጹ ጥራት አይደበዝዝም።

ወደ ውጊያው ስንገባ የጓዱ ፍጥነት ከሁሉ በፊት ጎልቶ ይታያል። ባንሺዎች በአንድ ተራ 8 ኢንች ይንቀሳቀሳሉ፤ በሩጫ የአንድ ዳይስ ውጤት ይጨምራሉ፤ ሌሎች ጓዶች በአብዛኛው ከሮጡ በኋላ መንደርደር (ለጨበጣ ወደ ጠላት መወርወር) ሲከለከሉ እነርሱ ግን ሮጠውም በሁለት ዳይስ ተንደርድረው ጠላት ላይ መግባት ይችላሉ። ይህ ሁሉ ሲደመር በአማካይ 18 ኢንች ተኩል ይሆናል። አኀዙ ብዙ ተጫዋቾችን በመጀመሪያው ተራ ጓዱን ወደ ሜዳ መሃል እንዲያወጡ ይገፋፋቸዋል፤ ሆኖም በብዙ ግጥሚያዎች ሁለቱን ሠራዊቶች 24 ኢንች ያህል ስለሚለያያቸው ያ ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። እያንዳንዷ ባንሺ አንድ ቁስል ብቻ የምትሸከም (ማለትም አንዴ ስትቆስል ከጨዋታው የምትወጣ) እና ጥሩሯም መካከለኛ በመሆኑ፣ ሜዳ ላይ ተጋልጦ የቀረ ጓድ በአንድ የተኩስ ተራ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተራ የመደበቂያ ተራ ነው። በ10ኛው እትም እግረኛ በፍርስራሽ ግድግዳ ውስጥ ማለፍ ስለሚፈቀድለት፣ ጓዱን ከፍርስራሹ ጀርባ ማንም በማያየው ቦታ አቁሞ በሁለተኛው ተራ በግድግዳው በኩል መውጣት ይቻላል። ጠላት በ8 ኢንች ርቀት ላይ ካለ፣ እስከ 1 ኢንች መቅረብ በቂ ስለሆነ፣ በሁለቱ ዳይሶች 7 ወይም ከዚያ በላይ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የዚህም ዕድል 58 በመቶ ነው፤ አንድ የትእዛዝ ነጥብ (ተጫዋቹ ለልዩ ዕርምጃ የሚያወጣውን) ከፍሎ መልሶ መጣል ሲጨመርበት ወደ 83 በመቶ ከፍ ይላል። ያችን ነጥብ ለዚህች ቅጽበት ሳያስቀምጡ ባንሺዎችን ማስነሳት አያዋጣም።

ዒላማ መምረጥም ከርቀቱ አያንስም። አሥር የባንሺ ሰይፍ ምቶች ስፔስ ማሪን በተባሉ ባለ ሁለት ቁስል ጥሩር ለባሽ ወታደሮች ላይ ቢሰነዘሩ በአማካይ ወደ ሦስት የሚጠጉ ወታደሮችን ይጥላሉ። ያንኑ አሥር ምት አሥር ቁስል በሚሸከመው ራይኖ ተሽከርካሪ ላይ ብናውለው ግን ሁለት ቁስል እንኳ በቅጡ አይሞላም።

እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ቀድሞ የመምታት መብታቸው ነው። የተንደረደረ ጓድ ቀድሞ ይመታል፤ ባንሺዎች ግን ባይንደረደሩም ይህ መብት አላቸው፤ ሁለት ወገኖች እኩል ቀድመው የመምታት መብት ሲኖራቸው ደግሞ ምርጫው የሚጀምረው ተራው ካልሆነው ተጫዋች ነው። በሌላ አነጋገር፣ ጠላት ራሱ ተንደርድሮ ባንሺዎች ላይ ቢገባ እንኳ የመጀመሪያው ሰይፍ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ከዚህ የተነሳ ዒላማቸውን በራስ ተራ ሙሉ በሙሉ መጨረስ ሁልጊዜ የሚመረጥ አይደለም። ጠላት ካለቀ ጓዱ ባዶ ሜዳ ላይ ለተኩስ ተጋልጦ ይቀራል፤ ጥቂት ጠላት ተርፎ ከተያያዙ ግን የጠላት ተኳሾች ከራሳቸው ወገን ጋር የተጨባበጠውን ጓድ መተኮስ በአብዛኛው አይፈቀድላቸውም። የተያዘው ጓድ ቢያፈገፍግ በዚያ ተራ መተኮስና መንደርደር በአብዛኛው ይከለከላል፣ ቢቆይም ባንሺዎች እንደገና ቀድመው ይመቱታል።

የሳጥኑ ዋና ጉድለት ቁጥሩ ነው። አምስት ተዋጊ ብቻ የያዘ ጓድ ከመድረሱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ካጣ የቀረው ኃይል ለቁም ነገር አይበቃም፤ ስለዚህ ጨበጣን የሠራዊቱ ዋና ክንድ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ሁለት ሳጥን መግዛት ይኖርበታል፣ ይህም ወጪውን እጥፍ ያደርገዋል። ዌቭ ሰርፐንት የተባለው ማጓጓዣ 12 ተዋጊ ስለሚይዝ አሥሩን በደህና ያደርሳል፤ ይሁን እንጂ ጓዱ ማጓጓዣው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ከወረደ በዚያ ተራ መንደርደር አይችልም። ስለሆነም ማጓጓዣውን በአንደኛው ተራ ወደ መሃል አስጠግቶ ከሽፋን ጀርባ ማቆም፣ በሁለተኛው ተራም ገና ሳይንቀሳቀስ ባንሺዎችን ማውረድ ያስፈልጋል። ጨዋታውን ገና ለሚጀምር ሰው ግን በቅድሚያ ቦታ ይዞ የሚቆይ ጠንካራ ተኳሽ ጓድ እንዲገዛ፣ ባንሺዎቹንም በሁለተኛ ደረጃ እንዲያስከትል እመክራለሁ።