ትንሿ የጉዞ ስፒከር ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህች ስፒከር በአንድ መዳፍ ትያዛለች። ክብ ናት፤ ፊቷ በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ዙሪያዋ ጎማ ነው፣ ከጎኗ ማንጠልጠያ ገመድ አላት። በርካሽ ከሚሸጡት ወገን ናት፤ ከገዛኋት ወዲህ ግን ያለ እሷ ጉዞ ወጥቼ አላውቅም። ወራት ካለፉ በኋላ ያለኝ ፍርድ ግልጽ ነው። የሰው ንግግር ለማዳመጥ ከዚህች የተሻለ የጉዞ ዕቃ አላገኘሁም። ሙዚቃንም በቅርብ ሆኖ፣ ድምፁን በልክ አድርጎ ለሚሰማ ሰው ትበቃለች። አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ የሚሻ ግን ሌላ ይፈልግ።

የንግግሩን ነገር የማስቀድመው፣ ስፒከር ሲገዛ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ሙዚቃ ብቻ ስለሆነ ነው። በጉዞ ላይ ግን ጠዋት ልብስ እየለበሱ ዜና፣ ማታ ከመተኛት በፊት ትረካ ወይም ቃለ መጠይቅ የሚሰማበት ሰዓት ይበዛል። ንግግርን ለመረዳት ደግሞ ሰፊ የድምፅ ክልል አያስፈልግም። የድሮው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር ርግብግቢት) ያለውን ብቻ ነበር፤ ያም ሆኖ የደወለው ሰው ማን እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ቃል እንለይ ነበር። የወንድ ድምፅ መሠረት ወደ 100 ሄርዝ ገደማ ቢወርድም፣ ጆሯችን ከዚያ በላይ ካሉት ተደራራቢ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ትንሿ ስፒከር ማውጣት የማትችለው ነገር በንግግር ላይ ብዙም አያጎድልም። ተራኪው ትንፋሽ ሲስብና ገጽ ሲገልጥ ሳይቀር ይሰማኛል። ስልኬ ብቻውን ሲያወራ ውኃ በተከፈተ ቁጥር ቃላቱ ይጠፉብኝ ነበር፤ አሁን ፊቴን እየታጠብኩም ዜናውን እከታተላለሁ።

ሙዚቃ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ወፍራም ድምፅ ማውጣት ማለት ብዙ አየር መግፋት ማለት ነው። የ100 ሄርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ በአየር ውስጥ ወደ 3.4 ሜትር ይረዝማል፤ ይህን ስፋቱ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ሽፋን፣ ማለትም እየተንቀጠቀጠ ድምፁን በሚፈጥረው ስስ ክፍል፣ አጉልቶ ማውጣት አይቻልም። ሠሪዎቹ ያገኙት መላ ከኋላ የሚገጠም ሁለተኛ ሽፋን ነው። ሽቦ የለውም፣ ኤሌክትሪክ አይደርሰውም፤ የፊተኛው ሲንቀሳቀስ በውስጥ የታፈነው አየር ይገፋዋል። ቤዝ ጊታር የጎላበት ዘፈን እየተጫወተ ጣቴን በቀስታ ሳሳርፍበት ምቱን እየተከተለ ሲነሣና ሲወርድ ይታወቀኛል። ስፒከሯን በጀርባዋ ብርድ ልብስ ላይ ካስተኛኋት ይህ ሽፋን ስለሚታፈን ወፍራሙ ድምፅ ወዲያው ይከሳል። በጠንካራ ነገር ላይ፣ ከግድግዳ ትንሽ ብቻ ራቅ ብላ ስትቀመጥ ግን የምታወጣው ቤዝ ከአካሏ በላይ ነው። የክፍል ጥግ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ወፍራም ድምፅ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚበተን፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግድግዳዎቹ መልሰው ወደ አድማጩ ይልኩታል። አዲስ ክፍል ስገባ ለስፒከሯ የሚሆን ጥግ መፈለግ ልማድ ሆኖብኛል፤ በዚህ አንድ ነገር ብቻ የሚገኘው ለውጥ ሌላ ዕቃ የተገዛ ያህል ነው።

ድምፁ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲጨመር ሽፋኑ እንዳይጎዳ የውስጥ መቆጣጠሪያዋ ቤዙን መቀነስ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ይጮኻል እንጂ አይሞላም፤ ከዘፋኙ አፍ የሚወጡት «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይወጋሉ፤ ከበሮው እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። ካርቶን ላይ በትልልቅ ቁጥር የሚጻፈው ዋት እዚህ ላይ አያድንም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚገኘው ጭማሪ በድምፅ መጠን መለኪያው በዴሲቤል 3 ብቻ ነው፤ ለጆሯችን ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በ3 ዋትና በ5 ዋት መካከል ያለውን ልዩነት አይቶ ገንዘብ መጨመር ከንቱ ነው። በግማሽ ድምፅ ላይ ምን ያህል ትጠራለች የሚለውን መስማት ይሻላል፤ ይህች በዚያ ፈተና በደንብ ታልፋለች።

ትልቁ ቅሬታዬ ቻርጅ አደራረጓ ላይ ነው። ቀዳዳዋ ዘመናዊው ዩኤስቢ ሲ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የሚቀርቡ ተንቀሳቃሽ ስፒከሮች ይህ ቀዳዳ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ቀዳዳው አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ ውስጡም እንደሚገባው ተሠርቷል ማለት አይደለም። የስልኬን ቻርጀር በሁለቱም ጫፉ ዩኤስቢ ሲ በሆነ ኬብል ስሰካባት ጠቋሚ መብራቷ ጭራሽ አይበራም። አብሯት በመጣው፣ አንዱ ጫፉ ሰፊው የድሮው ዩኤስቢ በሆነ አጭር ኬብል ስሰካት ግን ወዲያው መሙላት ትጀምራለች። እንዲህ ያለው ችግር የሚመጣው ከታወቀ ጉድለት ነው። አዲሱ ቻርጀር ኃይል ከመልቀቁ በፊት ኃይል ተቀባይ ዕቃ መሰካቱን ማወቅ አለበት፤ ይህንንም የሚነግሩት በዕቃው ውስጥ የሚገጠሙ ባለ 5.1 ኪሎ ኦም ሁለት ረዚስተሮች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድቡ ጥቃቅን ክፍሎች፣ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ቻርጀሩ ምንም እንዳልተሰካበት ቆጥሮ ዝም ይላል። ዋጋቸው እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ሳለ በብዙ ርካሽ ዕቃዎች ላይ አይገጠሙም። ይህ በጣም ያናድደኛል። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ የተገዛ ዕቃ ለራሱ ብቻ የሚሆን ኬብልና ቻርጀር ሊያሸክም አይገባም ነበር።

ባትሪዋ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሰዓት የምትይዘው ድምፁ ከግማሽ ካላለፈ ብቻ ነው። እኔ በምጠቀምበት መጠን ከሰዓት በኋላውንና ምሽቱን ትዘልቃለች፤ አሁን ከአዲስነቷ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ቀንሳለች፤ ከሊቲየም አዮን ባትሪ የሚጠበቅ ነው። ይህን ባትሪ ከሁሉ በላይ የሚያረጀው ሙቀት ስለሆነ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አልተዋትም። ለረጅም ጊዜ የማልጠቀምባት ከሆነ ሞልቼም ባዶ አድርጌም ሳይሆን ግማሽ ላይ አስቀምጣታለሁ። በአውሮፕላን ሲሄዱ የሚያሳስብ ነገር የለም። 1,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ የ3.7 ቮልት ባትሪ 4.4 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለመንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው ግን እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። አጥፍቶ በእጅ ቦርሳ መያዝ ይሻላል።

ብሉቱዟ ካንዴ ከተዋወቀች በኋላ ስትከፈት ራሷ ስልኬን ፈልጋ ታገኛለች። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ እስከ አሥር ሜትር ድረስ፣ አስቸግራኝ አታውቅም። ስልኩ በኋላ ኪሴ ሆኖ ጀርባዬን ስሰጣት ግን ድምፁ ይቆራረጣል፤ የ2.4 ጊጋ ሄርዝ ሞገድ በውኃ ስለሚዋጥና የሰው አካልም አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ነው። ፊልም ሲታይ አብዛኞቹ የቪዲዮ መተግበሪያዎች የድምፁን መዘግየት አስተካክለው ያሳያሉ፤ በጨዋታ ላይ ግን መዘግየቱ ግልጽ ሆኖ ይታያል። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ተከፍታ ከማንም ስልክ ጋር ሳትገናኝ ከቆየች የይለፍ ቃል ስለማትጠይቅ በጎረቤት ክፍል ያለ ሰው ሊገናኛት ይችላል። በሆቴል ውስጥ ተጠቅሞ ሲያበቁ ማጥፋት ደግ ነው።

ስትከፈትና ስትዘጋ የምታሰማው የሴት ድምፅ ግን ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው። «ብሉቱዝ ዝግጁ ነው» የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ ሙዚቃው በተስተካከለበት መጠን ሳይሆን በራሱ ከፍተኛ ድምፅ ይናገራል፤ የሚዘጋበት ቁልፍ የለውም። አጠገቧ የተኛ ሰው ካለ በልብስ ጠቅልዬ ነው የምከፍታት። ድምፅ መጨመሪያው ቁልፍም ትንሽ ረዘም ተደርጎ ከተጫኑት ወደ ቀጣዩ ዘፈን ይዘላል፤ በትረካ መሃል ይህ ሲሆን የነበሩበትን ምዕራፍ እንደገና መፈለግ ግድ ነው።

ውኃ የመቋቋም ደረጃዋ አይፒ ኤክስ 7 ነው። በአንድ ሜትር ጥልቀት ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን ይመለከታል፤ ኤክስ የሚለው ፊደል ደግሞ አቧራ መቋቋሟ እንዳልተመዘነ ያሳያል። ዝናብ በተደጋጋሚ መትቷታል፣ ምንም አልሆነችም። የባሕር ውኃና አሸዋ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እዚያ አልወስዳትም። የቀዳዳው የጎማ ክዳን ብዙ ጊዜ በመከፈቱ ላላ ብሏል፤ ከእንግዲህ ውኃ ውስጥ ብትገባ በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቃል አልተማመንም።

ብትጠፋብኝ ይህችኑ መጠን ያላትን እንደገና እገዛለሁ። ያን ጊዜ ግን ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት በሁለቱም ጫፉ ዩኤስቢ ሲ የሆነውን ኬብሌን ሰክቼ መብራቷ መብራቱን አያለሁ፤ ካልበራ ቀጣዩዋን አምጡልኝ እላለሁ።