የክረምት «ሮቦቲክስ» ስልጠና ልታስመዘግቡ ያሰባችሁ ወላጆች፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የ8 ሳምንት ስልጠና 14,000 ብር፣ ኪት (ልጁ የሚገጣጥማቸው ዕቃዎች) 4,500፣ የምረቃ ጋውን 800። ጠቅላላ 19,300 ብር ወጥቶ ልጄ ትናንት ባዶ እጁን ተመልሷል። ቤቶቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ትልቅ ባነር፣ «ቦታው ሊሞላ ነው»፣ «እስከ አርብ ለከፈለ ቅናሽ አለው»።

ምረቃው ላይ የሆነውን ስሙ። ስድስት ትናንሽ መኪኖች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ፊታቸው እጅ ሲደቀን ቆመው ይዞራሉ፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። ከፊት ሁለት ዓይን የሚመስለው ነገር ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባል ሴንሰር ነው። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ማሚቶው እስኪመለስ ከፈጀው ጊዜ ርቀቱ ይሰላል። መኪናውን የሚያዘው ኮድ ውስጥ «ከ20 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቁም» የሚል መስመር አለ። ልጄን «እስቲ በ40 እንዲቆም አድርገው» አልኩት። 20ን አጥፍቶ 40 መጻፍ፣ ገመዱን ሰክቶ ኮዱን ወደ መኪናው የሚልከውን «አፕሎድ»ን መጫን ነው፤ ቢበዛ አንድ ደቂቃ።

ልጁ ላፕቶፑን አየ፣ አሰልጣኙን አየ፣ አንገቱን ደፋ። አሰልጣኙ መጥቶ ላፕቶፑን ከደነና «ኮዱ አንዴ ከተጫነ አይቀየርም» አለኝ። ልጆቹ ፊት! መኪናውን በሚመራው ቦርድ፣ በአርዱዊኖ ኡኖ፣ ላይ ያለው ቺፕ እኮ 10,000 ጊዜ እየተሰረዘ እንዲጻፍበት የተሠራ ነው። ለካ ስድስቱም መኪኖች ላይ የተጫነው ያው አንድ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ነው፤ ልጄ በ8 ሳምንት «አፕሎድ»ን አንድ ቀን እንኳ አልነካም። መኪናውን ገልብጬ ሳየው ገመዶቹ በሙጫ ተለጥፈዋል። ልጆች የሚገጣጥሙትና የሚፈቱት ነገር በሙጫ አይለጠፍም።

አስተባባሪዋን ጠየቅኳት። «ልጅዎ ደስ ብሎታል፣ ሰርተፊኬቱንም ወስዷል፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» ብላ ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች። የከፈልኩበት ኪትስ? «እሱ ለቀጣዩ ዙር ይመለሳል»።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሥራውን እያወቅኩ መታለሌ ነው። «በሳምንት 3 ቀን፣ 2 ሰዓት» ሲሉኝ 48 ሰዓት ብዬ ደመርኩ እንጂ ስንት ኮምፒውተር እንዳላቸው አልጠየቅኩም። ለ4 ልጅ አንድ ኮምፒውተር ነው ያለው። አንዱ ልጅ በቀን 30 ደቂቃ፣ በ24 ቀን 12 ሰዓት ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከዚያም ላይ መብራት የጠፋባቸው ቀናት ይቀነሳሉ፤ ጄኔሬተር ስለሌላቸው ያን ቀን ደብተር ላይ ማስታወሻ ሲያስገለብጡ ይውላሉ። የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ደግሞ ስክራች ነበር፤ ብሎክ እያገጣጠሙ ልጆች ኮድ የሚማሩበት ፕሮግራም ነው። ስክራች ነፃ ነው፤ በአማርኛ ይሠራል፤ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ቤት ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ሊማረው ይችል ነበር።

ስልጠናው በራሱ መጥፎ አይደለም። በደንብ ከተሰጠ 8 ሳምንት ብዙ ያስተምራል። ልጁ ቢያንስ አንዲት ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) በራሱ እጅ ማብራት፣ ከረንት የሚቀንሰው 220 ኦም ሬዚስተር ለምን እንደሚገባም መናገር አለበት፦ ከቦርዱ 5 ቮልት ይወጣል፣ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይበቃታል፣ ሬዚስተሩ ከሌለ መጠን ያለፈ ከረንት ያልፍና ትቃጠላለች። አንዷን አቃጥሎ ምክንያቱን የተረዳ ልጅ ቢያመጡልኝ ገንዘቡ አይቆጨኝም ነበር።

ለመክፈል ካሰባችሁ ስንት ልጅ በአንድ ኮምፒውተር እንደሚማር፣ ኪቱ የማን እንደሚሆን ጠይቁና ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ግማሹን ብቻ ክፈሉ። ልጃችሁ በየሳምንቱ የሠራውን ፋይል በፍላሽ ይዞ ይምጣ። የመስከረሙን ዙር መመዝገብ ጀምረዋል። ገብታችሁ ካለፈው ዙር አንዱን ልጅ ጥሩልን በሏቸውና 20ውን በ40 እንዲቀይርላችሁ ጠይቁት።