«1200 ዋት» የሚል ዉፈር ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ

መርካቶ ሄጄ 14 ሺህ ብር ተበላሁ። እናንተም እንዳትሸወዱ ነው ይህን የምጽፈው።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ሙዚቃ የምሰማባት ክፍል 4 ሜትር በ3 ሜትር ናት። ደህና ደህና ትናንሽ ስፒከሮች አሉኝ፤ የጎደለኝ ቤዝ ነበር። ቦታ የማይፈጅ አነስተኛ ዉፈር ፍለጋ ወጣሁ። ሻጩ ልጅ «አለቃ፣ ለአንተ የሚሆን አለኝ» ብሎ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሳጥን አወጣ። ፊቱ ላይ በወርቃማ ፊደል «1200 ዋት»፣ «10 ኢንች» ይላል። ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ ጎማ የመሰለ ክብ ነገር አለው። «እሱ ቤዙን የሚጨምረው ነው» አለኝ። ከፈተው። ሱቁ ተንቀጠቀጠ። ከፈልኩ።

ቤት ሳስገባው ዘፈኑ ምንም ይሁን ምን የሚወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ድም፣ ድም፣ ድም። ቤዝ ጊታሩ ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ አይለይም። ዘፋኙ ወንድ ከሆነማ ግማሹ ድምፁ ጥግ ካለው ሳጥን ይመጣል።

በማግስቱ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ተንበረከክሁ። 10 ኢንች ማለት 25 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኔው ድምፅ የሚያወጣው ክብ ከዳር እስከ ዳር 16 ሴንቲ ቢሞላ ነው። ጎኑ ላይ ያሉትን ክቦች በጣቴ ገፋሁ፤ ንቅንቅ የለም። እውነተኛ ቢሆኑ ጎማቸው ተለጥጦ ገባ ወጣ ይሉ ነበር። እነዚህ በሙጫ የተለጠፉ ፕላስቲኮች ናቸው። ጌጥ! ከዚያ ጀርባውን አዞርኩት። ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ በደቃቅ ጽሑፍ «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት» ይላል።

ከግድግዳ 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 1200 ዋት ከየት ያመጣል? ለቅጽበት ከፍ ሊል ይችላል። ሳያቋርጥ ግን ከሚበላው በላይ አይሰጥም፤ ከሚበላውም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፊቱ ላይ የሚለጠፈው ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር ነው። አንድ ወጥ አለካክ ስለሌለው አምራቹ ደስ ያለውን ይጽፋል። እናንተ አርኤምኤስ፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት፣ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ለእኔ ቢጤ ክፍል ሐቀኛ 100 ዋት ይተርፋል። ድምፁ እስከ ስንት ኸርዝ እንደሚወርድም ጠይቁ (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል)፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ደግሞ ጀርባው ላይ ከቮልዩም ሌላ የድምፁን ጣሪያ የምትቆርጡበት ማዞሪያ መኖሩን እዩ። ከ80 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለው ከተቆረጠ የዘፋኙ ድምፅ ከጥግ አይመጣም። የእኔው ቮልዩም ብቻ ነው ያለው።

(ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁም ጀርባውን አንብቡ። 110 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እኛ ሶኬት ላይ ቀጥታ መሰካት ማለት ማቃጠል ነው።)

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የሻጩ አይደለም። ዉፈሩን ጥግ ላይ የወሸቅኩት እኔ ነኝ። ጥግ ቤዝ ያበዛል፤ ትንሽ ክፍል ደግሞ የራሷ ጩኸት አላት። 4 ሜትሩ 43 ኸርዝ ገደማ ላይ፣ 3 ሜትሩ 57 ገደማ ላይ ያስተጋባል። ሶፋችሁ ግድግዳ ተደግፎ ከሆነ እነዚህ ኖታዎች ከመጠን በላይ ይጮኻሉ፤ ክፍሉ መሃል ብትቀመጡ ደግሞ እነዚሁ ይጠፋሉ። ዘዴው ያስቃል ግን ይሠራል። ዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አስቀምጡት። ቤዙ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ዘፈን ክፈቱና በግድግዳው ሥር ሥር እየዳኻችሁ አድምጡ። ኖታዎቹ እኩል የሚሰሙበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ዉፈሩ ቤቱ እዚያ ነው። እኔ ከጥጉ አንድ ሜትር ያህል ባርቀው ድምድምታው በግማሽ ቀነሰ። ጥሩ ዉፈር ግን አላደረገውም።

ያን ሰሞን ከታች ያሉት እትዬ በር አንኳኩተው «ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ቡና ትወቅጣለህ እንዴ?» አሉኝ። ከሥሩ የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ አነጠፍኩበት። ወለሉን መነቅነቁን ቀነሰ፤ በአየር የሚሄደውን ቤዝ ግን ስፖንጅ አያስቆመውም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አጠፋዋለሁ።

ልመልሰው ሄጄ ነበር። ልጁ ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በአገጩ አሳየኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ይህንኑ ነገርኩት። «እሺ፣ ደረሰኙን አምጣ» አለኝ።

ደረሰኝ የለኝም። ያለ ደረሰኝ 1 ሺህ ብር ልቀንስልህ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር እሺ ያልኩት።